የኦክስጅኑ ዳኛ

ሚያዝያ 4 ቀን 2013፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት በጥር ነው። የምሠራበት ማሽን የራሱ መዝገብ አለው፣ እዚያ ላይ ከቁጥር ሌላ አይጻፍም፤ ለእኔም የሚሆን አንድ ነገር ይኑር ብዬ ነበር። ሦስት ወር መሳቢያ ውስጥ ተኛ። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ነገ ረመዳን ይገባል። የእኛም ሁዳዴ ገና አላለቀም፣ ስለዚህ የኦክስጅን ማምረቻ ግቢያችን ውስጥ ምሳ የሚበላ ሰው አይገኝም ማለት ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዴቅ ጠዋት ሰብስበውን አዲሱን ሰዓት ነገሩን፤ በጊዜ ገብተን ዘጠኝ ሰዓት እንወጣለን። ከዚያ እኔንና ነጅማን ለብቻ አስቀርተው፣ በዚህ በኮቪድ ምክንያት አዲስ አበባ ለራሷም ኦክስጅን እንዳጠራት፣ ከአፍደም እስከ አይሻ ያሉ ጤና ጣቢያዎች ዓይናቸው እኛ ላይ፣ ጅጅጋ ላይ እንደሆነ አስረዱን። እንደማናውቅ።

ነጅማ ከአየር ላይ ኦክስጅኑን ትለያለች፣ ሲሊንደር ትሞላለች። እኔ ከእያንዳንዱ ሙሌት ናሙና ወስጄ ንጽሕናውን እለካለሁ። የምለካበት ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል፤ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ጥሎልን የሄደው ነው። ጋዙን እንደ ፀጉር በቀጠነ ቱቦ ይስባል፣ በጋለ ሽቦ ይመታዋል፣ ከዚያ በየክብደቱ ይለየዋል። ውሃ አሥራ ስምንት ቁጥር ላይ፣ ናይትሮጅን ሃያ ስምንት ላይ፣ ኦክስጅን ሠላሳ ሁለት ላይ ይቆማሉ። ኦክስጅኑ ከመቶ ዘጠና ካልሞላ ሲሊንደሩ ላይ ቀይ ፕላስተር እለጥፋለሁ፣ ከግቢ አይወጣም። ለዚህ ነው የግቢው ሰው ሁሉ ማሽኑን «ዳኛው» የሚለው። ዛሬ ዘጠና አራት ፈረደ።

ስወጣ አዴር ሺሬ በር ላይ ጠበቁኝ። የሌሊት ዘበኛችን ናቸው፣ «አዴር» አጎት እንደማለት ነው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት የገበያ ሱቅ ሲጠብቁ ነው። ተራዊሕን፣ የረመዳንን የሌሊት ስግደት፣ መስጊድ ሄደው መስገድ አምሯቸዋል፣ ደንቡ ደግሞ ከበር ንቅንቅ አያስብልም። እያፈሩ ነው የጠየቁኝ። የግቢው ቁልፍ በእኔ ስም ስለሆነ «ቆልፈው ይሂዱ፣ ለማንም ግን እንዳይናገሩ» አልኳቸው። ሰግደው መስጊዱ አጠገብ ልጃቸው ቤት ጋደም ይሉና በሱሑር፣ ጎህ ሳይቀድ በሚበላበት ሰዓት፣ ይመለሳሉ። ማን ይሞታል? መርቀውኝ አልጠግብ አሉ። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ሚያዝያ 6፣ ረቡዕ

ሰማንያ ዘጠኝ። ትናንት ዘጠና አንድ ነበር። ነጅማ በትከሻዬ አሻግራ ቁጥሩን አየችና ወጣች። ሦስት ሲሊንደር ላይ ቀይ ለጠፍኩ።

የላቦራቶሪው ፍሪጅ ሥር ጠዋት ውሃ ተኝቶ አገኘሁ። ላስቲኩ አርጅቷል መሰለኝ። ጨርቅ አነጠፍኩ።

ሚያዝያ 8፣ ዓርብ

ሰማንያ ሰባት።

ነጅማ የአየር ማጣሪያውን ፈታ አጥባ መለሰች። የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፣ ምንም የለም። ጾመኛ ሆና በዚያ አየር በሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ሙቀት ውስጥ ስትውል ማየት ደስ አይልም። ውሃ እንኳ ጠጪ አይባል ነገር።

ከሰዓት ከአይሻ ወዲያ ካለች አንዲት ጤና ጣቢያ ማርያን ደወለች። ነርስ ናት፣ ከነጅማ ጋር አንድ ሰፈር ነው ያደጉት። በሰባት ወሯ የተወለደች ልጅ አለች፣ ኦክስጅኑ ሊያልቅባት ነው። ነጅማ ስልኩን እንደያዘች መጣችና ሰማንያ ሰባቶቹን መላክ አይቻልም ወይ አለችኝ። አይቻልም አልኳት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ መጣች። «ሰማንያ ሰባት ሕፃን ላይ ምን ያደርጋል?» አለች። የሰጠኋት መልስ አሁን ሳስበው የትምህርት ቤት ነው፦ ሐኪሙ ዘጠና ሦስት እየሰጠሁ ነው ብሎ ሰማንያ ሰባት ከሰጠ ሒሳቡ ይፋለስበታል፣ ደግሞም የጎደለው ስድስት በምን እንደተሞላ አናውቅም፣ እኔ የማላውቀው ላይ አልፈርምም። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። የፈረምኩባቸውን አሮጌዎቹን ጥቂት ሲሊንደሮች ነገ ሹፌሩ ዐብዲወሊ ይወስዳል።

ልክ ነኝ። ልክ መሆኔን ሦስት ጊዜ አሰብኩት።

ሚያዝያ 9፣ ቅዳሜ

ስደርስ ዐብዲወሊ ሄዷል። በድሬዳዋ ዞሮ፣ በአዲጋላ አድርጎ ማታ አይሻ ይገባል። ነጅማ የጉልበት ሠራተኞቹን ሳትጠብቅ በራሷ እጅ ጭናለች አሉ። ይህች ልጅ አንድ ቀን ወገቧን ትሰብራለች።

ሚያዝያ 10፣ እሑድ

ኪራይ ቤቴ በር ላይ ንፋሱ አቧራውን ሲያዞር ዋለ። ጉ የሚሉት ዝናብ ዘንድሮ ዘግይቷል። ልብስ አጠብኩ፣ አቧራ በላው፣ እንደገና አጠብኩ።

ሚያዝያ 11፣ ሰኞ

ሰማንያ ስድስት። ማታ፣ ረጅም።

ከአቶ ዴቅ ቢሮ በር ውጭ ቆሜ ሰማሁ። በስልክ ነበር የሚያወሩት፣ በአማርኛ፣ ድሬዳዋ ካለ ሰው ጋር። ሴት ልጅን ኮምፕሬሰር ላይ ማስቀመጥ ከመጀመሪያውም ስህተት እንደነበር፣ ቁጥሩ እስከ ዒድ ካልተስተካከለ ሰውየው መጥቶ የኦክስጅን ፕላንቱን እንዲረከብ ይነግሩታል። ስገባ ስልኩን ዘጉ። እንደሰማሁ አውቀዋል፤ «አንተ ምን ታደርግ፣ ማሽንህ ያየውን ይናገራል» አሉኝ። ማጽናናታቸው ነው።

ነጅማ ይህን ሥራ ስትይዝ አጎቶቿ እንዴት እንደተቆጡ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ለሥልጠና አዲስ አበባ ስትሄድ አንድ አጎቷ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄዶ ሻንጣዋን አውርዶባታል። ከዚህ ከወጣች የአክስቷ የልብስ ሱቅ ውስጥ ነው የምትቀመጠው፣ አጎቶቹም ብለናት ነበር ይላሉ። ትናንት ስለሷ ማሰብ አልነበረብኝም፣ ግን አሰብኩ። ስለ ሥራው ማለቴ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ዳኛውን ራሱን ከሰስኩት። ውሃው፣ አሥራ ስምንት ቁጥር ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ከልክ በላይ ነው፤ ከሰዓት ይቀንሳል። ይህ የአየር ማስገባት ጠባይ ነው። አንዱ መጋጠሚያ ፈስሶ አየር እየሳበ ይሆናል ብዬ ብየዳ ቤት ሄጄ አርጎን ለመንኩ፤ ሰውየው ትንሽ ሲሊንደር አዋሰኝ። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ዙሪያ አርጎን እየነፋሁ አርጎኑ በማሽኑ አርባ ቁጥር ላይ ብቅ ይል እንደሆን አየሁ። አንዱም አልፈሰሰም። የማሽኑ ቤት ድፍን ነው።

መብራት ሌሊት እየሄደ ይሆን? ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ መብራት ከሄደ ፓምፑ ይቆማል፣ ማሽኑ በአየር ይሞላል። ለመጠየቅ ስወጣ አዴር ሺሬ ግቢ ገብተው ከአቶ ዴቅ ጋር ቆመው አገኘኋቸው። ሌሊት መብራት ይሄዳል ወይ አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። አይሄድም አሉ። አቶ ዴቅም ከረመዳን ወዲህ ሰፈሩ አንድም ቀን አልጨለመም፣ መብራት ኃይል ዘንድሮ ወግ ደርሶታል ብለው ሳቁ።

እንግዲህ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ ፕላንቱ ውስጥ ነው ማለት ነው። ይህን ስጽፍ ለምን እጄ እንደከበደኝ አላውቅም።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ፣ ከሰዓት ላይ የመመዘኛውን ጋዝ እንደገና መልቀቅ። ዘጠና ሦስት መሆኑ የተረጋገጠ ጋዝ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በሱ ማሽኑን አስተካክዬ ነው ከሰዓት የምለካው። ግን ሊያልቅ ነው፣ ሌላው ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፣ አቶ ዴቅም በቀን ከአንዴ በላይ እንዳልነካው አስጠንቅቀውኛል። ቆጣቢ ነኝ፤ አያባክንም ተብዬ ነው እዚህ የደረስኩት።

ሚያዝያ 13፣ ረቡዕ

ሃያ ስምንት ቁጥር ከፍ ብሏል። ችግሩ ናይትሮጅንም ካርቦን ሞኖክሳይድም ሁለቱም ሃያ ስምንት ናቸው። ዳኛው አይለያቸውም። የኮምፕሬሰሩ ዘይት እየተቃጠለ ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ እሱ ደግሞ መርዝ ነው።

ለነጅማ ነገርኳት። መንገር ግዴታዬ ነው። ባዶ ሲሊንደር ላይ ተቀመጠችና ያንን የመሰለ ነገር ሕፃን ቢስብ በምን ይታወቃል አለችኝ። ያነበብኩትን ነገርኳት፦ ይደክማል፣ ይተኛል፣ አይጠባም። «ወዲያው ነው?» አለች። እንደ መጠኑ ነው አልኩ። ለምን ትጠይቂያለሽ፣ ቀይ የለጠፍኩበት እንደሆነ ከግቢ አይወጣ አልኳት። ላረጋጋት ብዬ ነው።

ኮምፕሬሰሩን ዛሬውኑ ልፈታው አለች። ፈታችው። ዘይቱ ንጹሕ ነው።

ሚያዝያ 15፣ ዓርብ

ሰማንያ ስድስት። ፍሪጁ ውሃ አፈሰሰ።

ነጅማ ከፕላንቱ ጀርባ በስልክ ታወራለች። ሶማልኛዬ የገበያ ነው፣ ግን ጠባች ወይ፣ ስንት ጊዜ ጠባች፣ ስታለቅስ ድምጿ አለ ወይ ስትል ገባኝ። እህቷ ወልዳ ይሆናል። እንኳን ማርያም ማረቻት ልላት ፈልጌ፣ ስታየኝ ስልኩን ኪሷ ከተተች። ተውኩት።

ሚያዝያ 18፣ ሰኞ

ማሽኑን ከፈትኩት። ፈርቼ ነበር የቆየሁት፣ መለዋወጫ ሽቦ ያለኝ አንድ ብቻ ነው። የሽቦው ቤት ጠቁሯል። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ በአልኮል አጠብኩት፣ አዲሱን ሽቦ አሰርኩ። ሽቦውን ሳልሰብር ጨረስኩ፣ በዚህ ራሴን አመሰግናለሁ።

ቅጥር ግቢው ጥግ ቀይ የለጠፍኩባቸውን ሲሊንደሮች አልፌ ስሄድ ያነሱ መሰለኝ። ነጅማ ባዶ አድርጋ ልትሞላቸው ወስዳቸዋለች ማለት ነው። ደግ አደረገች፣ ቦታ ይዘው ነበር።

ሚያዝያ 19፣ ማክሰኞ

ጭራሽ ሰማንያ አምስት። ይሄ ሁሉ ድካም ለምን ነበር?

ሚያዝያ 20፣ ረቡዕ

ማርያን ደግሞ ደወለች፣ አሁን ለኔ። ደህናውን መቼ ነው የምትልኩት አለችኝ። «ደህናውን» ያለችው ከነከነኝ፣ ከኛ ከወጣ ደህና ያልሆነ የለም አልኳት። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ፣ ወይም ዘጋችው።

ሚያዝያ 22፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ስግደት ላይ ዋልኩ። ጉልበቴ ሲዝል ደስ አለኝ፣ ቢያንስ እሱ ምን እንደሆነ ይታወቃል። አቡነ ዘበሰማያት ስል መሃል ላይ ቁጥር ይገባብኛል። ሠላሳ ሁለት፣ ሃያ ስምንት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ነጅማ ከስታለች። ጾም ብቻ አይደለም፣ ሌሎቹም ይጾማሉ። ከዒድ በኋላ የሚመጣባትን ሳትሰማ አልቀረችም። እኔ ነኝ በየቀኑ ቁጥሩን የምጽፍባት። ሌላ ቁጥር ከየት ላምጣላት? የሌለ ልጻፍ? አልጽፍም። ግን አሳዘነችኝ፣ በጣም አሳዘነችኝ።

ሚያዝያ 24፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ጎረቤቶቼ ጠሩኝ፣ ሥጋ በላሁ፣ ሆዴ ተጣላኝ።

ነጅማ ደውላ እንኳን አደረሰህ አለችኝ። እንኳን አብሮ አደረሰን አልኩ። ከዚያ ያ ሃያ ስምንቱ፣ አንድ ልጅ ሁለት ሳምንት ስቦት ምንም ካልሆነ ምንም አይሆንም ማለት ነው ወይ አለችኝ። በፋሲካ ምድር! በዓሉን አክብሬ ልዋል፣ ነገ እናወራለን አልኳት። ይቅርታ ብላ ዘጋች። ያን ያህል መቆጣት አልነበረብኝም።

ሚያዝያ 26፣ ማክሰኞ

ዛሬ የመመዘኛውን ጋዝ ከሰዓት ላይ ለቀቅሁት። ማንንም ሳላስፈቅድ። የፋሲካው ስልክ ሁለት ቀን ሲቆረቁረኝ ከርሞ፣ ካለቀም ይለቅ አልኩና ቧንቧውን ከፈትኩ።

ዘጠና ሦስት መሆኑ የተረጋገጠው ጋዝ ሰማንያ ስድስት ሆኖ ወጣ።

ተነስቼ ቆምኩ። እንደገና ለቀቅሁ። ሰማንያ ስድስት። ያው የነጅማ ቁጥር ነው። ኦክስጅኗ ምንም አልሆነም፣ ዳኛው ነው የሚዋሸው። መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ነው፤ ሮጬ ልነግራት በር ድረስ ሄጃለሁ። ከዚያ ለምን ይዋሻል ብትለኝ ምን እመልሳለሁ አልኩና ተመለስኩ። ምክንያቱን ሳልይዝ ብናገር አቶ ዴቅ ለልጅቷ አዝኖ ነው ይላሉ። ይሄ ነው ያስቆመኝ።

ተቀምጬ አሰብኩ። ጠዋት ማሽኑ ውስጥ አየር አለ። አየሩ ውስጥ ኦክስጅን አለ። እኔ ያንን ሳልቀንስ በዘጠና ሦስቱ ጋዝ አስተካክለዋለሁ፣ ማሽኑም ሆዱ ውስጥ ያደረውን አየር ከጋዙ ጋር ደምሮ ዘጠና ሦስት ይለዋል። ከሰዓት አየሩ ተመጥጦ ያልቃል፣ ቁጥሩ ያንኑ ያህል ይወርዳል። ሚዛን ላይ ድንጋይ እንዳለ ዜሮ አድርጎ፣ ድንጋዩን አንስቶ ቲማቲም እንደመመዘን ነው። ሃያ ስምንቱም ቢሆን የጋለው ሽቦ ራሱ ከእርጥበቱ የሚሠራው ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፉ ላይ አለ። መጽሐፉን ስንት ጊዜ ነው ያገላበጥኩት?

ግን ሌሊቱን ሙሉ ፓምፕ ሲመጠው ያደረ ማሽን ውስጥ አየር ከየት መጣ?

ሚያዝያ 27፣ ረቡዕ

አወቅሁ።

ጠዋት የፍሪጁን ውሃ ስጠርግ ላስቲኩን አየሁት፣ አዲስ ነው የሚመስለው። በረዶው ነው የቀለጠው። ፍሪጅ በረዶው የሚቀልጠው ሲጠፋ ነው። እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ።

ከኢፍጣር በኋላ ሄድኩ። ሰፈሩ መብራት አለው፣ መስጊዱ መብራት አለው፣ የእኛ ግቢ ብቻ ጨለማ ነው። ከፍቼ ገባሁ። ፓምፑ ዝም ብሏል። ማታ እኔ ሽቦውን ብቻ አጥፍቼ እወጣለሁ፣ ፓምፑ ያድራል፤ ጠዋት ስመጣም ሲዞር ነው የማገኘው። ልጃቸው ቤት ሰው ልኬ አዴር ሺሬን አስጠራኋቸው። መጡ፣ አልደነገጡም። ሰው በሌለበት ቤት መብራት አይተውም አሉኝ። ይህ የጅጅጋ ሱቅ ጠባቂ ሁሉ ሕግ ነው፤ ባዶ ሱቅ ውስጥ በቀረ መብራት ስንት ነጋዴ እንደተቃጠለ በዓይናቸው አይተዋል። እኔ ሂዱ ካልኳቸው ማታ ጀምሮ ዋናውን ማብሪያ አጥፍተው ይሄዳሉ፣ በሱሑር መጥተው ያበራሉ።

«ስጠይቅዎት አይሄድም አሉኝ እኮ» አልኳቸው።

«ዴቅ ፊት ነው የጠየቅኸኝ። ለማንም አይንገሩ ያልከኝ አንተ ነህ፣ ልጄ።»

ደህና እደሩ ብዬ ወጣሁ።

ሚያዝያ 28፣ ሐሙስ

ትናንት ማታ መብራቱ በርቶ አደረ። ዛሬ ዘጠና አራት።

ግቢው በደስታ ተነሳ። አቶ ዴቅ ነጅማን ጠርተው፣ ሰው ሲያስፈራሩት ይሠራል፣ አየሽ አሏት። የድሬዳዋውን ሰውዬ መምጣት ግን አልተዉትም፤ ቃል ገብተውለታል። ነጅማ ቁጥሩን አይታ አልሳቀችም። የድሮዎቹስ አለችኝ። የትኞቹ አልኩ። ምንም አለች።

ነገ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ደክሞኛል።

ሚያዝያ 29፣ ዓርብ

ዘጠና አራት። አቶ ዴቅ ለስብሰባ ወጥተዋል።

ግንቦት 1፣ እሑድ

አዴር ሺሬ በዕድሜያቸው ሌላ ሥራ አያገኙም። እሳቸውን ነው የማስበው። እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ቢበዛ ወደ መጣሁበት እመለሳለሁ። ይህን ከጻፍኩ በኋላ አነበብኩት፣ ግማሹ ውሸት ነው። እኔንም ፈርቻለሁ።

ግንቦት 2፣ ሰኞ

ዘጠና አራት። ቀይ ፕላስተሮቹን መላጥ ጀመርኩ፣ እንደገና ልለካቸው። አምስት ሲሊንደር ይጎድላል። አልጠየቅሁም። ስለ ጎደለው ነገር ለመጠየቅ አፍ አለኝ እንዴ?

ግንቦት 3፣ ማክሰኞ

ነጅማን ነገርኳት። ከአቶ ዴቅ በፊት እሷ ትስማው ብዬ። እውነቱን ለመጻፍ፣ ተወው በቃ አለፈ እንድትለኝም ፈልጌ ነበር።

ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው፣ ፕላንቱ ቆሟል። አዴር ሺሬን፣ መብራቱን፣ ጠዋት ማሽኑ ውስጥ ያለውን አየር፣ ሁሉንም በተርታ ነገርኳት። ሳታቋርጥ ሰማችኝ። ስጨርስ ሥራዋን ላሳጣት የደረስኩ ስለሆንኩ የምትሰድበኝ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር። የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«ኦክስጅኑ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«ቀይ የለጠፍክባቸውም? የመጀመሪያዎቹ?»

«ሁሉም። ዘጠና አራት።»

«ሃያ ስምንቱስ?»

ከማሽኑ ነው፣ ከሲሊንደሩ አይደለም፣ ትናንት ከእነዚያው ሙሌቶች ግቢ የቀሩትን ሲሊንደሮች ደግሜ ለክቻቸዋለሁ አልኳት። አንድ በአንድ እንድምልላት አደረገችኝ። በማርያም ማልኩላት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ያን ያህል ሰው ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

ማርያን የደወለች ዕለት፣ እኔ አይቻልም ካልኳት በኋላ፣ ሲነጋ ፕላስተሩን ልጣ አምስቱን ሲሊንደር በእጇ ጭናለች። ዐብዲወሊ አያውቅም። ሰማንያ ሰባት ከምንም ይሻላል ብላ ነው፤ ልጅቷ ባዶ ከምትቀር። ከዚያ እኔ መጥቼ መርዝ ሊሆን ይችላል አልኳት። ማርያን ጋ ደውላ፣ ያን የላክሁልሽን ተዪው ብትላት፣ ትቼ ምን ልስጣት አለቻት። ልጅቷ እሱኑ እየሳበች ነው የቆየችው። ነጅማ ጠዋትም ማታም እየደወለች ጠባች ወይ ስትል ከርማለች። ለምን አልነገርሽኝም ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

እንባዋን ጠርጋ ተነሳች። ይቅርታ አልኳት።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለች።

«ረቡዕ ማታ።»

ቆጠረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

«ረመዳኑን ሙሉ ሕፃን ገድያለሁ እያልኩ ነው የጾምኩት፣ መልአክ። እስከ ረቡዕ ያለውን ማሽኑ ነው፣ ትቼዋለሁ። ከሐሙስ ወዲህ ያለውን ግን አንተ ነህ።»

ጓንቷን አንስታ ወጣች። እኔ ብዙ ሰዓት እዚያው ነበርኩ።

ግንቦት 4፣ ረቡዕ

ለአቶ ዴቅ ነገርኳቸው። አዴር ሺሬን ሌሊት ሂዱ ያልኳቸው እኔ እንደሆንኩ፣ እሳቸው ጥፋት እንደሌለባቸው፣ ፕላንቱ አንድም ቀን እንዳልተበላሸ። ስለ አምስቱ ሲሊንደር ምንም አላልኩም፣ እሱ የኔ አይደለም። ጮኹብኝ፣ ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ በመጨረሻ ድሬዳዋ ደውለው ሰውየውን አስቀሩት። ነጅማን ቢሮ ጠርተው ምን እንዳሏት አልሰማሁም፣ ስትወጣ ግን የግቢው ቁልፍ እጇ ላይ ነበር። ከእንግዲህ እኔ የለካሁትን እሷ አይታ ነው የምትፈርመው። አዴር ሺሬ በሥራቸው ይቆያሉ፣ ተራዊሕን ግቢ ውስጥ ይሰግዳሉ። አልመረቁኝም።

ግንቦት 6፣ ዓርብ

ትናንት ዒድ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ነጋ፣ አቧራው ተኛ።

ጠዋት ዐብዲወሊ ከአይሻ ገባ። ማርያን ልጅቷ ኦክስጅኑ ተነቅሎላት በእናቷ ጀርባ ታዝላ ወደ ቤቷ ሄደች ብላለች። ነጅማ ሰማች፣ አልሐምዱሊላህ አለች፣ ወደ ፕላንቱ ተመለሰች። ልከተላት ፈልጌ ነበር፣ ወደ ማሽኑ ሄድኩ።

ከሰዓት የመጀመሪያውን ሙሌት ለካሁ። ነጅማ ልትፈርም መጣች። ስንት ነው አለች፣ ዓይኗን ከማሽኑ ሳታነሳ።

ዘጠና አራት አልኳት።

«ድገመው» አለችኝ።

ደገምኩት።